ሳይስቅ ያሳቀ

(ድምፅ፦ የፖሊስ መኪና ሳይረን፤ የጃዝ ባንድ ጥሩምባ ጎላ ብሎ ይሰማና ከትረካው ሥር ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በማርች 1982 የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን «ፖሊስ ስኳድ!» የተባለ አዲስ ኮሜዲ ማሳየት ጀመረ። በየክፍሉ የክብር እንግዳው ተዋናይ ስም በታላቅ ግርማ ይጠራል፤ እንግዳው ግን ታሪኩ ሳይጀመር ይገደላል። ዊልያም ሻትነር ከጥይት እሩምታ ይተርፍና ወይኑን ይጎነጫል፤ ወይኑ ተመርዟል። የክፍሉ ርዕስ ስክሪኑ ላይ አንድ፣ በአስተዋዋቂው አፍ ሌላ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል መርማሪ ፍራንክ ድሬቢን ቆሟል፦ ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የከበደ፣ ፊቱ የማይፈታ። ሌስሊ ኒልሰን ነው፤ ካናዳዊ፣ የፈረሰኛ ፖሊስ ልጅ። ለሠላሳ ዓመት ገደማ የኮስታራ ሰው ሚና ሲሰጠው ኖሯል፤ በ1956ቱ «ፎርቢደን ፕላኔት» የጠፈር መርከብ አዛዥ ነበር። ጂም አብራሃምስና ወንድማማቾቹ ዴቪድና ጄሪ ዙከር በ1980 «ኤርፕሌን!» ላይ ሐኪም አድርገው ሲያሠሩት የፈለጉት ይህንኑ ኮስታራነቱን ነው። የማይረባውን ንግግር ሁሉ ፍርድ ቤት ቃሉን እንደሚሰጥ ምስክር ይናገረዋል። የት ላይ እንደሚሳቅ የሚጠቁም የተቀዳ ሳቅም የለም፤ ይህን ለተመልካች የተሰጠ ክብር አድርጌ ነው የማየው።

(ድምፅ፦ ቡና ሲቀዳ)

ከሁሉም የክፍሎቹ መዝጊያ አይረሳኝም። በዘመኑ የቴሌቪዥን ድራማዎች መጨረሻ ላይ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። እዚህ ግን ካሜራው መቅረጹን ይቀጥላል፤ ቀጥ የሚሉት ተዋናዮቹ ናቸው። ቡናው ከስኒው ሞልቶ ይፈስሳል። በካቴና የታሰረው ወንጀለኛ ሁሉም መድረቃቸውን አይቶ መውጫ ይፈልጋል። ኒልሰን ንቅንቅ አይልም።

አራት ክፍል እንደታየ ጣቢያው ፕሮግራሙን ሰረዘው፤ የቀሩት ሁለቱ በጁላይ ተላለፉ። የኤቢሲ የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ ቶኒ ቶሞፑሎስ የሰጡት ምክንያት፣ ፕሮግራሙን ለመውደድ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል የሚል ነበር። እውነት ነው። አል የሚባለው ፖሊስ ከቁመቱ የተነሳ ጭንቅላቱ ስክሪኑ ውስጥ አይገባም፤ ወጥ ቤት ሆኖ በጆሮው ብቻ የሚከታተል ሰው ይህን ከየት ያገኘዋል? ለዓይን የተሠራን ሥራ ግን በዚህ መቅጣት በደል ነበር።

ኒልሰን በዚያው ሚና ለኤሚ ሽልማት ታጨ። በ1988 ድሬቢን «ዘ ኔክድ ገን» በተባለ ፊልም ተመለሰ፤ ሁለት ተከታዮችም ወጡለት። ተዋናዩ በኖቬምበር 28 ቀን 2010 ፍሎሪዳ ውስጥ በ84 ዓመቱ አረፈ።

ስድስቱ ክፍሎች ተደምረው ሦስት ሰዓት አይሞሉም። እኔ ከፊልሞቹ አስቀድሜ የማነሳው እነሱን ነው። ፊልሞቹ ላይ ኒልሰን ቀልዱን እንደሚያውቅ አንዳንዴ ፊቱ ያሳብቃል፤ በ1982 ግን ፈጽሞ አያሳብቅም።