ቀባሪ ያለው ስደተኛ፦ የነዋሮች ጉቲ፣ የእኛ እድርና የኮሎምበስ ከተማ

ስለ ስደተኛ ማኅበረሰብ የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኞቹ ከቋንቋ፣ ከምግብና ከአለባበስ ይነሳሉ። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ቋንቋ ይችላሉ? በዓል ሲመጣ ምን ይበላል፣ ምን ይለበሳል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን አንድን ሕዝብ በባዕድ አገር አጽንቶ የሚይዘውን ነገር ለማግኘት ከእነዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ከመካከላቸው አንዱ ቢሞት ማን ይቀብረዋል? አገራችን ሰው ሲመርቅ «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው በከንቱ አይደለም። የስደተኛ ማንነት ከምንም በላይ የሚኖረው በማኅበሮቹ ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹን ማኅበሮችም የወለዳቸው ወይም መልክ የሰጣቸው ከአገር አገር፣ ከገጠር ከተማ መንቀሳቀሱ ራሱ ነው። ይህንን የሚያሳዩ ሦስት ምስክሮች አሉን፦ የሂማልያ ነዋሮች፣ የእኛው እድርና የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ ኮሎምበስ።

ነዋሮች በኔፓል የሚገኘው የካትማንዱ ሸለቆ ነባር ሕዝብ ናቸው። ካትማንዱን፣ ፓታንንና ባክታፑርን የገነቡ፣ በእንጨት ቅርጻ ቅርጽና በብረታ ብረት ጥበብ የታወቁ፣ ሂንዱነትንና ቡድሂዝምን ጎን ለጎን ይዘው የኖሩ ናቸው። ቋንቋቸው ኔፓል ባሳ ይባላል፤ ወገኑ ከቲቤትና ከበርማ ቋንቋዎች ስለሆነ ዛሬ የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ከሆነው ኔፓልኛ ጋር በዘር አይገናኝም። የጎርካው ንጉሥ ፕሪትቪ ናራያን ሻህ በ1768 እና በ1769 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሸለቆውን ሲይዝ መንግሥታቸው አከተመ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች በንግድ ወደ ኮረብታማው አገር ከተሞች ተበተኑ። ቀድሞም ቢሆን ነጋዴዎቻቸው እስከ ቲቤቷ ላሳ ድረስ ይዘልቁ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የማዕድንና የሳንቲም ሥራ ውል የያዙ ነዋሮች ዛሬ የሕንድ ግዛት በሆነችው በሲኪም ሰፈሩ። ባል ጎፓል ሽሬስታ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ2015 በታተመ መጽሐፉ ያጠናው የእነዚህን የሲኪም ነዋሮች ታሪክ ነው። ቋንቋውን ከትውልዶች በፊት የተዉ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ከአባቶቻቸው ሸለቆ ጋር እንደገና መገናኘታቸውን፣ ቋንቋቸውንና በዓላቸውን እንደ አዲስ መሥራታቸውን ያሳያል። ከዚህ የምንማረው የነገሩን ቅደም ተከተል ነው። ቋንቋው ጠፍቶ ሳለ ማኅበሩ ቆመ፤ ማኅበሩ ከቆመ በኋላ ቋንቋው ተፈለገ።

በአገር ቤትም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2011 የኔፓል ሕዝብ ቆጠራ ነዋር ነኝ ያለው ሰው ወደ 1.32 ሚሊዮን ሲጠጋ ኔፓል ባሳን የአፍ መፍቻ ቋንቋው አድርጎ ያስመዘገበው ከ850 ሺህ በታች ነበር። ከሦስቱ አንዱ ያህል ቋንቋውን ሳይይዝ ነዋርነቱን ይዟል ማለት ነው። ታዲያ በምን ያዘው? ከመልሶቹ ትልቁ ጉቲ ይባላል። ጉቲ መሬትና ገንዘብ ኖሮት ቤተ መቅደስ የሚጠብቅ፣ በዓል የሚደግስ፣ ሙት የሚሸኝ ማኅበር ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ ሲ ጉቲ ሲሆን «ሲ» ሞትን የሚመለከት ቃል ነው። አባል ሲሞት ወይም ቤተሰቡ ሲያዝን ማኅበርተኛው ሬሳውን ይሸከማል፣ ሥርዓቱን ያስፈጽማል፤ የቀረ ይቀጣል፤ በዓመት አንድ ጊዜ አብሮ ይበላል፤ ማኅበሩን የሚመራው በዕድሜ አንጋፋ የሆነው ነው። በ2019 የኔፓል መንግሥት ጉቲዎችን በአንድ ባለሥልጣን ሥር የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ሲያቀርብ የካትማንዱ ጎዳና በሰው ተሞላ፤ ረቂቁም በዚያው ዓመት ተነሣ። ለቋንቋው በአንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕዝብ አደባባይ መውጣቱን እጠራጠራለሁ።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ሲ ጉቲ ማለት እድር ማለት አይደለም ወይ ማለቱ አይቀርም። ልዩነት አለ፤ የጉቲ አባልነት ብዙውን ጊዜ በዘር ሐረግና በጎሣ ደረጃ የተወሰነ ሲሆን የከተማው እድር ግን ጉርብትናን፣ የሥራ ባልደረባነትን ወይም የትውልድ አገርን ይዞ የተለያየ እምነት ያላቸውን ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር ያስቀምጣል። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ወርኃዊ መዋጮው፣ ቀብር የቀረ ሰው የሚከፍለው መቀጮ ግን የአንድ እናት ልጆች ያስመስላቸዋል። እድርን ብዙዎቻችን ከጥንት የወረስነው አድርገን እናየዋለን። ምሁራኑ የሚሉት ሌላ ነው። ደጀኔ አረዶ እድርን እንደ አገር በቀል የገንዘብ ተቋም ሲያጠና፣ አሉላ ፓንክረስትና ዳምን ኃይለ ማርያም ደግሞ በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ታሪካዊ እድገቱን ተከታትለዋል። ከጥናቶቹ የሚወጣው ሥዕል እድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የከተማ ልጅ መሆኑን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከገጠር በፈለሱ ሰዎች፣ በተለይም በጉራጌዎች ዘንድ መታየቱን፣ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ መስፋፋቱን ያመለክታል። የዘመድ አዝማድ ቀባሪ ርቆ የቀረበት ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተማምሎ የሠራው ቀባሪ ነው። እንግዲህ የባህላችን ምሰሶ የምንለው ነገር ከአገሩ የወጣ ሰው ለመኖር ሲል የፈጠረው ነው። ይህ ክብሩን አይቀንስበትም፤ በእኔ ዓይን ይጨምርለታል።

አሁን ወደ ኮሎምበስ እንምጣ። በ2020 ቆጠራ ከ905 ሺህ በላይ ነዋሪ የነበራት ይህች ከተማ ከሚኒሶታ ቀጥሎ በአሜሪካ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ መኖሪያ ናት፤ ከቡታን የተባረሩ ኔፓልኛ ተናጋሪዎችም ከየትኛውም የአሜሪካ ከተማ በላይ የተሰባሰቡት እዚሁ ነው። እነዚህ ሰዎች የቡታን መንግሥት በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ አለባበስና አንድ ሥርዓት በሁሉ ላይ በጫነበትና ዜግነታቸውን ባጠያየቀበት ጊዜ ከደቡብ ቡታን የተሰደዱ ናቸው። ከ100 ሺህ የሚበልጡት በምሥራቅ ኔፓል በሰባት ካምፖች ከ15 ዓመት በላይ ከኖሩ በኋላ ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች እንዲዛወሩ ተደረገ፤ አብዛኞቹን የተቀበለችው አሜሪካ ናት። ኔፓልኛ ተናጋሪ የሚለው የወል ስም ከሥሩ ብዙ ሕዝቦችን፣ ባሁንና ቼትሪን፣ ራይና ሊምቡን፣ ታማንግና ጉሩንግን፣ ጥቂት ነዋሮችንም ይይዛል። ወደ ኮሎምበስ የመጡበት መንገድ ራሱ ማስረጃ ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተመደቡት በሌሎች ግዛቶች ነበር፤ በኋላ ግን ዘመድና ጎረቤት ያለበትን ፈልገው በገዛ እግራቸው ወደ ኦሃዮ ተሻገሩ። መኖሪያ ተመድቦላቸው ሳለ እነርሱ የፈለጉት ሰው ነበር።

ሰው ሲጠፋ የሚሆነውንም ጥናት መዝግቦታል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2013 ባወጣው ዘገባ ከየካቲት 2009 እስከ የካቲት 2012 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ የሰፈሩ 16 የቡታን ስደተኞች ራሳቸውን ማጥፋታቸውን ገልጿል። ሟቾቹ ካጋጠሟቸው ችግሮች መካከል ከቋንቋ እጦትና ከቤተሰብ መለያየት ጋር ባህላዊና ሃይማኖታዊ ሥርዓትን ለመጠበቅ መቸገር ተጠቅሷል። በኦሃዮም በ2014 በዚሁ ማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ላይ ራሱን የቻለ ጥናት ተደርጓል። የማኅበር መኖር አለመኖር ከሰው ሕይወት ጋር ይህን ያህል የተሳሰረ ስለሆነ በባህል ጥናት ስም ከጤናው ክፍል ተነጥሎ ዳር ላይ መቀመጥ የለበትም።

እዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱ ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ በአሜሪካ የሕይወት መድንና የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት እያለ እድር ምን ይሠራል የሚለው ነው። የገንዘቡን ጉዳይ በተመለከተ ተቃዋሚው እውነት አለው። ሆኖም መድን ድርጅት ቼክ ይጽፋል እንጂ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛ ጋር አይቀመጥም፣ ቡና አያፈላም፣ እናት አገር ቤት መርዶዋን ሳትሰማ ማን ሄዶ እንደሚነግራት አይመክርም። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ማኅበር ያሰባስባል ትላለህ፣ ይከፋፍላልም እኮ፤ ፖለቲካና ጎሣ የገቡበት ማኅበር ለሁለት ለሦስት ሲሰነጠቅ አይተናል ይላሉ። እውነት ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2018 እርቅ ድረስ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአገር ቤትና በስደት ሲኖዶስ ተለያይታ ስትኖር በውጭ ያሉ አጥቢያዎችም አብረው ተለያይተዋል። ይህን አልክደውም፤ ግን ሰው የማይረባውን ነገር ይዞ አይሟገትም። ሰው እስከ መኳረፍ የሚደርስበት ማኅበር ማንነቱ የተቀመጠበት መሆኑን ጠቡ ራሱ ይናገራል፤ አጥኚም ስንጥቁን እንደ ነውር ማለፍ ሳይሆን ማንበብ አለበት።

የኮሎምበስ ኢትዮጵያውያንስ? በ2000 በዚህች ከተማ የተመሠረተው ኢትዮጵያን ተዋሕዶ ሶሻል ሰርቪስስ ስሙ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ሆኖ ሳለ ከብዙ አገሮች የመጡ ስደተኞችን እንግሊዝኛ በማስተማር፣ ሥራ በማፈላለግና ልጆቻቸውን በማስጠናት ያገለግላል። በአንድ ሕዝብ ስም የቆመ ቤት የሌላውን ሕዝብ መጤ ሲቀበል ማንነት በር እንጂ አጥር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ተመራማሪ ሊያተኩርበት የሚገባም ይህ ነው። ስለ ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ ጥሩ መጻሕፍት አሉን፤ ሰሎሞን አዲስ ጌታሁን በ2007 የስደቱን ታሪክ፣ ኬይ ካፍማን ሸለመይ በ2022 የሙዚቀኞችን ሚና ጽፈዋል። ሆኖም የተመራማሪው ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ነው፤ እንደ ኮሎምበስ ያሉ ከተሞች ድርሻቸውን ገና አላገኙም።

የሲኪም ነዋሮችን ታሪክ መጻፍ የተቻለው የሚያስታውስና የሚያሳይ ማኅበር ስለነበራቸው ነው። በኮሎምበስም ሆነ በሌላ ከተማ የእድር፣ የጽዋ ወይም የመረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ የሆንሽ እኅት፣ የሆንህ ወንድም፦ የአባላቱን መዝገብ፣ የመዋጮውን ደብተርና ቃለ ጉባኤውን አትጣሉ። ማን በየትኛው ቀን እንደ ተቀበረ፣ ማን ድንኳን እንደ ተከለ፣ በምን እንደ ተጣላችሁና እንዴት እንደ ታረቃችሁ ጻፉት፤ ቅጂውንም ለአንድ ቤተ መጻሕፍት በአደራ ስጡ።