ጊታርና ቅኝት በፊልም ውስጥ

ከሲኒማ ቤት የሚወጣ ሰው ስለ ተዋናዩና ስለ ታሪኩ ፍጻሜ ይጨዋወታል እንጂ ስለ ሙዚቃው አይጠይቅም። ነገር ግን ልብን አስቀድሞ የሚያሸብረው ብዙ ጊዜ በዓይን የታየው ሳይሆን በጆሮ የተሰማው ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በጉም የወረደ ሁሉ ይህን ያውቃል። ገደሉ አይታይም፤ ከታች የሚያቃስት የመኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል። እኛን ያስፈራን ግን ከገደሉ ይልቅ ያ ድምፅ ነው።

የሮክ ሙዚቀኛው ኒል ያንግም ይህን የተረዳ ይመስላል። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ1995 ላወጣው «ዴድ ማን» ለተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ሙዚቃ ሲሠራ፣ ፊልሙን እያየ አብዛኛውን በኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ስሜቱ እንደ መራው ተጫወተ። ጊታሩ አንዴ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ዝም ይላል። በጥይት ቆስሎ ወደ ሞቱ ለሚጓዘው ሰው የምንጨነቀው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ይኸው ዲሬክተር ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ «ብሮክን ፍላወርስ»ን ሲያወጣ ጆሮውን ወደ እኛ አዘነበለ። ፊርማ በሌለው ደብዳቤ ልጅ እንዳለው የተነገረው ሰው የቀድሞ ወዳጆቹን ፍለጋ ሲጓዝ፣ ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ የሰጠው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ መንገዱን ሁሉ ይከተለዋል። እርግጥ ነው፣ አቶ ሙላቱ የጃዝ እንጂ የሮክ ሰው አይደሉም፤ «የግሌ ትዝታ»ና «የከርሞ ሰው»ም ከፊልሙ ሠላሳ ዓመታት ያህል ቀድመው የተቀረጹ ናቸው። ሰውየው ግን የሚፈልገውን መልስ ሳያገኝ ፊልሙ ሲያልቅ፣ ዜማው ይህን ከመነሻው የነገረን ይመስላል።

ይህ ኃይል ከየት መጣ? ከአራቱ ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስም የወሎ አገር ስም ነው፦ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ይገኛሉ። አምባሰል ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ብቻ ይሻገርና ቀጥሎ ሰፊ ዝላይ ይዘላል። ከጠባቧ እርምጃ በኋላ የሚመጣው ዝላይ ሰሚውን እግሩ መሬት እንዳጣ ሰው ያደርገዋል።

እንግዲህ የባዕድ ዲሬክተር ከቅኝታችን ይህን ያህል ካገኘ፣ የእኛ ወጣት ፊልም ሠሪ ስጋትን ለማሰማት የተቀዳ ጩኸት መለመን አይገባውም። በደሴና በኮምቦልቻ ካሜራ ለያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች ምክራችን አጭር ነው፦ ሥራችሁን ለአንድ ማሲንቆ ተጫዋች አሳዩት፤ እያየም ይጫወት። ዝም ሲል ደግሞ ዝምታውን አትሙሉበት።