ስለ ካሪካቸር ጥበብና ስለ ተማሪው

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የስምጥ ሸለቆውን ሙቀት ከኋላው ትቶ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ወደተቈረቈረችው ወደ አሰላ ሲቃረብ፣ ስንዴውና ገብሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጭላሎ ተራራም ደመናውን ተከናንቦ ይቀበለዋል። መንገደኛው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ቢሆን ሸራውን እዚያው ዘርግቶ በቆመ ነበር፤ ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ሠዓሊ ግን ተራራውን አልፎ የሚመለከተው ሰውን ነው፦ ብርዱን ለመከላከል ጋቢውን እስከ አገጩ የጠቀለለውን ሽማግሌ፣ በጋሪው ላይ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ የተቀመጠውን ነጂ፣ ከትምህርት ቤት በሩጫ የሚመለሱትን ልጆች፣ እያንዳንዳቸውንም ከሌላው የሚለያቸው ነገር ምን እንደሆነ በልቡ እየጠየቀ። ይህ ሰው የካሪካቸር ሠዓሊ ነው፤ ሙያውም ብዙዎች ከሚገምቱት የከበደ ትምህርት የሚሻ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚለመድና እንዴት እንደሚሻሻል፣ ይልቁንም ለአርሲ ወጣቶች፣ መተረክ ይገባል።

ካሪካቸር፣ የአንድን ሰው ገጽና አቋም ከሌላው የሚለይበትን ነገር መርጦ የሚያጐላ፣ የቀረውን የሚያሳንስ ወይም ጨርሶ የሚተው፣ ሆኖም ሰውየውን ከማንም ጋር ሳያሳስት የሚያሳይ ሥዕል ነው። በአውሮፓ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ የታወቀው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በጣልያን አገር በቦሎኛ ከተማ፣ እነ አኒባሌ ካራቺ ከትልልቁ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥራቸው ዕረፍት ባገኙ ጊዜ የወዳጆቻቸውን መልክ አጋንነው በብዕር መሣል ሲጀምሩ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች የሰውን አካል በልኩ መሣል የተካኑ መምህራን ነበሩና፣ ማጋነኑን የጀመሩት ልኩን ባለማወቅ አይደለም።

በእኛም አገር ቢሆን፣ ስሙ አይታወቅ እንጂ፣ መርጦ የማጉላት ብልሃት ባዕድ አይደለም። የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ጻድቃንንና ሰማዕታትን ሁለቱ ዓይኖቻቸው እንዲታዩ አድርገው፣ ያውም ዓይኑን ከልኩ አስፍተው ሲሥሉ፣ አጋንንትንና ዓላውያንን ግን ወደ ጎን አዙረው አንድ ዓይን ብቻ ይሰጧቸው ነበር፤ የዓድዋን ጦርነት የሣሉትም በዚሁ ትውፊት እየተመሩ የጣልያንን ሠራዊት በአንድ ዓይኑ፣ የኢትዮጵያን ሠራዊት በሁለት ዓይኑ አሳይተዋል። ተመልካቹ ፊደል ባይቈጥርም ማን ከማን ወገን እንደሆነ ከዓይኑ ቍጥር ያነባል። ይህ ሥርዓት ግን ወገንን ይለያል እንጂ ሰውን ከሰው አይለይም፤ የካሪካቸር ሠዓሊ የሚሻገረውም ይህንኑ ድንበር ነው።

ሰውን ከሰው ለመለየት የሚያስተምር አብነት የፈለገ ደግሞ ወደ መልክእ ድርሰቶቻችን ይመልከት። የመልክእ ደራሲ የሚያወድሰውን ቅዱስ ከራስ ጠጕሩ ጀምሮ፣ ቅንድቡን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ከንፈሩን፣ እያለ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ በየአንቀጹ ሰላምታ እየሰጠ ይወርዳል፤ አንድም ብልት ሳይታይ አይታለፍም። ጀማሪው ሠዓሊም የመጀመሪያ ትምህርቱ ይኸው ነው። የዐዋቂ ሰው ዓይኖች በራሱ ቁመት መካከል ላይ እንደሚውሉ፣ ፊት ለፊት የታየ ራስ ወርዱ ወደ አምስት ዓይን እንደሚጠጋ፣ ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ ባለው መጠን እንደሚቀመጥ በእጁ እስኪያውቀው ድረስ ሊሥል ይገባዋል። የጋራውን ልክ ያላጠና ሰው፣ የአንዱ ሰው ዓይኖች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ወይም እንደተራራቁ በምን ይመዝናል? ይህን ሲጨርስ ግን የመልክእን ቅደም ተከተል ሊተወው የግድ ነው፤ ካሪካቸር ለሁሉም ብልት እኩል ሰላምታ አይሰጥምና። የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን እንደሚያልፍ መወሰን፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚህ ጥበብ ዋና ትምህርት ነው፤ የእጅ ቅልጥፍና ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለዚህ ትምህርት ከአሰላ የተሻለ ምሳሌ የሚሰጥ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። በ1965 ዓ.ም. በአሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በልጅነቱ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይሄድ ስለነበረ፣ መጻሕፍቱን ያቅፍበት የነበረው ግራ እጁ፣ ዓለም ባወቀው ጊዜ እንኳ እንደ ታጠፈና ወደ ጎኑ እንደ ተጠጋ ቀርቷል። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በሰከንድ 9 መቶኛ ቀድሞ ሲገባ ያየ ሰው፣ ፊቱ ባይታየው እንኳ በዚያ ክንድ ያውቀዋል። ጀማሪ ሠዓሊ ኃይሌን ሣል ሲባል የሚጀምረው ከፈገግታው ነው፤ ፈገግታውም በእርግጥ ሰፊና የማይረሳ ነው። ነገር ግን ፈገግ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የማይታየውን ደብተር እንደ ያዘ የሚሮጥ ግን አንድ ነው። ልዩ ምልክቱ የታወቀለት ሠዓሊ ክንዱን ሲያጐላ፣ አካልን ብቻ ሳይሆን የዚያን ልጅ የጧት መንገድ ጨምሮ ይሥላል፤ እንዲህ ያለው ምልክት፣ ምክንያቱን በውስጡ የያዘ፣ በዘፈቀደ ከተለጠጠ አፍንጫ ሺህ ጊዜ ይበልጣል።

የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ደግሞ ሌላ ፈተና ታቀርብለታለች። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አግኝታ፣ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን ስትዞር የታየችውን ሴት ለመሣል የፈለገ፣ አንድን ብልት በማጉላት አይሳካለትም፤ የሁለቱን አካል መጠን፣ የእጆቹን መያያዝ፣ የአንዷን ወደ ሌላዋ ማዘንበል ማስተዋል ይኖርበታል። ይህን የሞከረ ተማሪ፣ ካሪካቸር የፊት ጥበብ ብቻ እንዳልሆነ ቶሎ ይገባዋል።

ስለ አሠራሩ አንድ ሕግ ሳይነገር መቅረት የለበትም። የሰው ራስ እንደ ተወሰነ መጠን ይቈጠራል፤ አንዱ ክፍል ከተጨመረለት ሌላው መቀነስ አለበት። አገጩ ሰፊ የሆነውን ሰው አገጩን ብቻ የሚያሰፋ ሠዓሊ፣ ሰውየውን ያበጠ ያስመስለዋል፤ ግንባሩን በዚያው ልክ ሲያጠብ ግን አገጩ ሳይነካ እንኳ የሰፋ ይመስላል። ለውጡ ደግሞ በአፍንጫና በአፍ ቅርጽ ብቻ አይወሰንም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከቅርጹ ይልቅ መልክን ይወስናል።

ልዩነትን ማጉላት ሰውን ይበልጥ ያስታውቃል የሚለው አባባል የሠዓልያን ግምት ብቻ አይደለም። ሱዛን ብሬናን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ አንድን ፊት ከአማካይ ፊት ጋር እያስተያየ ልዩነቱን የሚያጐላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሠሩ በኋላ፣ ጊሊያን ሮድስ ከእርሳቸውና ከሌላ ባልደረባ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የሚያውቁትን ሰው በልኩ ከተሣለ የመሥመር ሥዕል ይልቅ ከካሪካቸር ፈጥነው እንደሚለዩት አሳይተዋል።

ማሻሻል የሚገኘው በምን ዐይነት ልምምድ እንደሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እኔ የማስቀድመው የፈረንሳዩን የኦኖሬ ዶሚዬን ምሳሌ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1832 ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ስለሣለበት ሥዕል እስከ መታሰር የደረሰ ቢሆንም፣ ከሥራው ሳይቦዝን፣ የምክር ቤቱን ሰዎች ገጽ አስተውሎ ከመሣሉ በፊት በጭቃ ትንንሽ የራስ ቅርጽ ይሠራ ነበር፤ ከእነዚህም ባልተተኰሰ ጭቃ ተሠርተው በቀለም ከተነኩት መካከል 36ቱ እስከ ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛሉ። በእጁ ያበጀውን ራስ ከየትኛውም አቅጣጫ አዙሮ ስለሚያውቀው፣ በድንጋይ ማተሚያው ላይ ሲሥለው አይሳሳትም። በአርሲ መሬት ላይ ጭቃ አይታጣምና፣ ተማሪው ይህን ብልሃት ለመያዝ ምንም ገንዘብ አያስፈልገውም። ቀጥሎም ሰውን ለጥቂት ጊዜ አይቶ፣ ዞር ብሎ ከኅሊናው ይሣል፤ ኅሊና የያዘችው ልዩውን ነገር፣ የጣለችውም የጋራውን ስለሆነ፣ ግማሹን የምርጫ ሥራ እርሷው ትሠራለታለች። ፎቶግራፍ እያየ ብቻ የሚሥል ሰው ይህን ረዳት ያጣል። ከዚህ ወዲያ መደበኛውን ትምህርት የሚሻ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ወደ መሠረቱት፣ ዛሬም በስማቸው ወደሚጠራው የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መዝለቅ ይችላል።

በሠርግ፣ በምረቃና በዐውደ ርእይ ላይ ተቀምጦ ለሰው እዚያው የሚሥል ባለሙያ ደግሞ ሌላ ዐይነት ፈተና አለበት፤ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ዙሪያውን ተመልካች ከቦታል፣ የሚሣለውም ሰው ፊቱን አኰስትሮ፣ ለመታወቂያ ፎቶግራፍ እንደሚቀመጥ ሆኖ ተቀምጧል። የሠለጠነው ሠዓሊ ብዕሩን ሳያነሣ አስቀድሞ ጨዋታ ይጀምርለታል፤ ስለ አገሩ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል፤ ሰውየው ራሱን ረስቶ ሲስቅ እውነተኛ ገጹ ይወጣል። እዚህ ላይ የእኛን ወጣቶች ከሁሉ አብልጦ የሚያስረው ይሉኝታ ነው። ጆሮው ተለቅ ያለውን ሽማግሌ ጆሮውን ማጉላት ነውር መስሎ ስለሚታየው፣ ሠዓሊው መሥመሩን ያለዝባል፤ የሚወጣውም ሥዕል ማንንም የማያስቀይም፣ ማንንም የማይመስል ይሆናል። ይሉኝታውን ግን ጨርሶ ይጣለው አልልም፤ ሰውየው በሕመም ወይም በአደጋ ያገኘውን ጉድለት ሳይነካ፣ እርሱ ራሱ የሚኰራበትን፣ ጢሙን፣ አቀማመጡን፣ የባርኔጣውን አደፋፍ ያጉላለት።

ካሪካቸር ሰውን ማዋረጃ ሊሆን እንደሚችል እኛ ኢትዮጵያውያን በራሳችን አይተነዋል። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለ ሠዓሊ ለፋሽስት ወታደሮች በሣላቸው የፖስታ ካርዶች ላይ ሕዝባችንን መሣቂያ አድርጎ አቅርቧል። የዚህ ሰው እጅ ቀልጣፋ ነበረ፤ በካርዶቹ ላይ ግን በአብዛኛው ያለው አንድ ዐይነት ፊት ተደጋግሞ ነው። ከዚያ 39 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከዓድዋ ድል በዓመቱ፣ የለንደኑ ቫኒቲ ፌር መጽሔት የዳግማዊ አጼ ምኒልክን ካሪካቸር ሲያትም፣ ቢያንስ የሣለው በስሙና በሥራው የታወቀውን አንዱን ሰው ነበር። በእኔ ዘንድ የጥበቡና የስድቡ ድንበር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሠዓሊው የሚያጐላው የአንዱን ሰው ልዩ ምልክት ከሆነ ሰውየውን አይቶታል፣ ለጠቅላላ ሕዝብ አንድ ፊት ካለበሰ ግን ማንንም አላየም።

የጀመረ ሰው የሣላቸውን ወረቀቶች አይጣላቸው፤ ቀን ጽፎባቸው ያስቀምጣቸው፣ በዓመቱም ያንኑ ሰው፣ አሮጌውን ሥዕል ሳይመለከት፣ እንደገና ይሣለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስተያይ፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የአምናው ሥዕል በመሥመር ብዛት የተጨናነቀ መሆኑን፣ ሰውየውን የሚያስታውቁትም ከእነዚያ መሥመሮች ሦስቱ ወይም አራቱ ብቻ እንደ ነበሩ ነው።