«ሥራ የለው፣ ምን አደከመው?»

«ሥራ የለው፣ ምን አደከመው?» ይህ አነጋገር ባሕር ዳር ውስጥ ተመርቆ የተቀመጠ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ይሰማል። ከተመረቀ ሁለት ሦስት ዓመት ያለፈው ወጣት ጠዋት ከአልጋው መነሣት ሲያቅተው፣ ማስታወቂያ ማየት ሲያስጠላው፣ ለፈተና ተጠርቶ እንኳ እግሩን ሲጎትት አባት «ሰነፈ» ይላል፤ ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ቢኖርበት ነው» ይላል፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ ስለ ስኬት የሚያስተምሩት ደግሞ «ከልቡ ስላልፈለገ ነው» ይላሉ። ሦስቱ የሚገናኙበት ነገር ቢኖር ችግሩ ያለው ልጁ ዘንድ ነው ማለታቸው ነው። ጠበል የሚሄደውን አትሂድ አልልም፤ ጸሎትና ከሰው ጋር መዋል የሚሰጡት ብርታት የታወቀ ነው። ድካሙ የውሸት ነው ወይም የጠባይ ጉድለት ነው የሚለውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠርም ብዙ ተጠንቷል።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በሥራ ጫና መዛልን፣ ዛሬ ብዙ ሰው «በርን አውት» የሚለውን፣ በ1974 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። ኋላ ተመራማሪዋ ክርስቲና ማስላክ ሦስት መልክ እንዳለው አሳየች፤ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራውና ከሰው ልብ መሸሽ፣ «እኔ ምንም አልረባም» ማለት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ጉዳዩን በመመደቢያው ሲያብራራ በሽታ አላለውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው፣ ለሌላ የሕይወት ክፍል አይዋል አለ። በዚህ ብያኔ ከሄድን ሥራ የሌለው ሰው ሊዝል አይችልም። እኔ አልስማማም። ሥራ መፈለግ ራሱ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ነው።

የሚጠራጠር አንድ የቅጥር ማስታወቂያ ይከተል። «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በአካል ቀርባችሁ ተመዝገቡ» ይላል። ዲግሪው ወይም ቴምፖው፣ ስቱደንት ኮፒው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለተመረቀ የመውጫ ፈተናው ውጤት፣ መታወቂያው ሁሉ ኮፒ ይደረጋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ መዝጋቢው ክፍል በር ላይ ሌላ ወረፋ። ተፈላጊው ሁለት ሰው ነው፤ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ አጥር ይደርሳል። የጽሑፍ ፈተና፣ ያለፈ ደግሞ የቃል ፈተና። ቦታው አዲስ አበባ ከሆነ የትራንስፖርት ብድር ፈልጎ፣ የመንገዱን ሥጋት ችሎ ዓባይ በረሃን መሻገር አለ። በመጨረሻ ስሙ ሰሌዳው ላይ ከሌለ ለምን እንደሌለ የሚነግረው የለም። ስንት እንዳመጣ፣ ማስረጃው ጎድሎ እንደሆነ፣ ቦታው ድሮውንም ለሌላ ሰው የታሰበ እንደሆነ አያውቅም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ማስታወቂያውን በስልክ ማየት እንኳ አልተቻለም ነበር።

ይህ ለምን ያዝላል? ልፋቱ ስለበዛ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል። ግን የጤፍ አጨዳም ልፋት ነው፤ ያጨደ ሰው ማታ ደክሞት ይተኛል፣ ጠዋት ይነሣል። ልዩነቱን ያሳዩት ሙከራዎች አሉ፤ በእኔ ግምት በሥነ ልቦና ታሪክ ውስጥ እነዚህን የሚያህል ጥቂት ነው።

በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር ፔንስልቬንያ ውስጥ ውሾች ላይ በሠሩት ሙከራ፣ ምንም ቢያደርጉ ሊያስቆሙት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች በማግስቱ መከለያውን ዘለው ማምለጥ በሚችሉበት ቦታ ብዙዎቹ ሳይዘሉ ቀሩ። ንዝረቱን ተኝተው ተቀበሉት። ተመራማሪዎቹም እንስሳቱ አቅመ ቢስነትን ተምረዋል አሉ። ይህ አባባል መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥም ለዓመታት ሲሰጥ ኖሯል።

ማየር በዚህ አላበቃም። ኮሎራዶ ሄዶ ለአሥርት ዓመታት አይጦች ላይ ሠራ። ሁለት አይጦች በየሳጥናቸው ይቀመጣሉ፤ ጭራቸው ላይ እኩል ንዝረት ይደርሳቸዋል። ከፊታቸው ትንሽ መዘውር አለ። የመጀመሪያዋ አይጥ መዘውሩን ስታዞር ንዝረቱ ይቆማል፤ ለእሷም ለጎረቤቷም በአንድ ቅጽበት ይቆማል። ሁለተኛዋ ብታዞረው ግን የሚመጣ ለውጥ የለም። ልብ በሉ፤ ሁለቱ የቀመሱት ሥቃይ በብርታትም በርዝመትም አንድ ነው። በማግስቱ ግን የመጀመሪያዋ ደህና ናት፤ ሁለተኛዋ ትፈራለች፣ ከመሰሎቿ ትሸሻለች፣ ማምለጥ ስትችል አታመልጥም። ስለዚህ የሚሰብረው የመከራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ በድርጊቷና በውጤቱ መካከል ያለው ግንኙነት መበጠሱ ነው።

ከዚያ ማየርና ባልደረቦቹ ወደ አንጎል ገቡ። በአንጎል ግንድ ውስጥ ዶርሳል ራፌ የሚባል ትንሽ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ አለ፤ ሴሮቶኒን የሚባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል በዋናነት የሚረጨው እሱ ነው። ረዘም ያለ መከራ ሲመጣ ይቀሰቀሳል፣ ፍርሃትን ያነሣሣል፣ እንቅስቃሴን ያቀዛቅዛል። የመጀመሪያዋ አይጥ ዘንድ ግን ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል «ይህን የማስቆመው እኔ ነኝ» የሚለውን ይለይና ለራፌው ተው የሚል መልእክት ይልካል። ተመራማሪዎቹ ያንን የፊት ክፍል በመድኃኒት ለጊዜው ሲያደነዝዙት የሆነው እስካሁን ይገርመኛል። አይጧ መዘውሩን እንደ ወትሮው ታዞራለች፣ ንዝረቱም ይቆማል፤ በማግስቱ ግን ምንም ማድረግ እንዳልቻለችው ሆና ተገኘች። እጅ መሥራቱ አልበቃም፤ ውጤቱ በእሷ መምጣቱን አንጎል መመዝገብ ነበረበት። ከሌላ ወገን ደግሞ፣ አስቀድማ ማስቆም የምትችለውን ንዝረት የቀመሰች አይጥ ኋላ ማስቆም የማትችለው ሲመጣባት አትሰበርም።

በ2016 ሴሊግማንና ማየር ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ የራሳቸውን አባባል ገለበጡት። አቅመ ቢስነት የሚማሩት ነገር አይደለም አሉ፤ ረጅም መከራ ሲገጥመው አንጎል በተፈጥሮው የሚሰጠው ምላሽ ነው። የሚማሩት «በእጄ ያለ ነገር አለ» የሚለውን ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ስሙ ደጋግሞ ያልተለጠፈው ልጅ አልጋ ላይ መቅረቱ ስንፍና አይደለም። አንጎሉ ለወራት አንድ ዓይነት መረጃ ሲደርሰው ኖሯል፤ ለፋህ፣ ምንም አልመጣም፣ ለምን እንዳልመጣም አታውቅም። ለዚህ ልጅ «የበለጠ ልፋ» ማለት ሁለተኛዋን አይጥ መዘውሩን ደጋግመሽ አዙሪ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ የእኛ የሥነ ልቦና ሰዎች ክርክርም ያለው እዚሁ ነው። አይጥ ሰው አይደለችም። ሰው የደረሰበትን ለራሱ ይተርካል፤ «እኔ ስለማልረባ ነው» የሚለውና «አንድ ቦታ ለመቶ ሰው ስለሆነ ነው» የሚለው እኩል አይሰበሩም። በሰው ላይ የተደረጉት የአንጎል ምስል ጥናቶች ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚቀራረቡ ናቸው እንጂ የአይጡን ያህል የነጠረ ማስረጃ አይደሉም። ሴሮቶኒንም ሲነሣ «አነሰ፣ ኪኒን ይጨመርለት» ወደሚለው መቸኮል አይገባም፤ በእነዚህ ሙከራዎች የታየው ራፌው ውስጥ መቀስቀሱ እንጂ ማነሱ አይደለም። መዛልና ድባቴ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ የሚለውም አልለየለትም። መጠይቆቹ በብዙ ጥናት በጣም ተቀራርበው ተገኝተዋል፣ አንዳንድ ተመራማሪዎችም መዛል የድባቴ ሌላ ስም ነው እስከማለት ደርሰዋል። እኔ ወደዚያ አልሄድም፤ ቢሆንም ክርክራቸው ቀላል አይደለም።

ከቤተ ሙከራ ስንወጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ቪየና አጠገብ ማሪየንታል የምትባል መንደር ነበረች፤ ሕዝቧን የሚያስተዳድረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ያጠኗት፣ መጽሐፋቸውም በ1933 የታተመ ነው። ሰው ጊዜ ስለተረፈው ብዙ ያነባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍያውን አነሣ፤ የሚወጣው መጽሐፍ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። አጥኚዎቹ መስኮት ሥር ቆመው አላፊ አግዳሚውን ተመለከቱ። ወንዶቹ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ደጋግመው ይቆማሉ። የቤት ሥራው ስላልተቋረጠ ሴቶቹ ፈጠን ይሉ ነበር። ወንዶቹ ቀኑን በምን እንዳሳለፉ ሲጠየቁ ሊያስታውሱት አልቻሉም። ያሆዳ ኋላ ያለችው ይህ ነው፤ ሥራ ከደመወዝ ሌላ የቀን ቅርጽ፣ ከቤት ውጭ የሚገናኙት ሰው፣ የጋራ ዓላማ፣ በሰው ዘንድ ቦታ፣ የሚያንቀሳቅስ ነገር ይሰጣል። ሥራ ሲጠፋ አምስቱም አብረው ይጠፋሉ።

እኛም አገር አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዳንኤል ሜይንስ ጅማ ከሥራ አጥ ወጣቶች ጋር ቆይቶ በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። ወጣቶቹ የሚያማርሩት ስለ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ትርፍ ጊዜ ሐሳብ ያበዛል ይሉት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጫት ቤት መሰብሰቡም ከዚህ ይመነጫል። ሰዓትና ጓደኛ ይሰጣል። በማግስቱ የሚመጣው የስሜት ጨለማ ግን የደከመውን አንጎል የባሰ ያደክመዋል፤ ጫቱ እንቅልፍ ይነሣል፣ ለኮፒ የሚሆነውንም ብር ይወስዳል።

ጳውልና ሞዘር የተባሉ ጀርመናውያን በ2009 ከብዙ አገር ጥናቶችን ሰብስበው ሲያወዳድሩ የሥነ ልቦና ችግር የታየባቸው ሥራ አጦች 34 በመቶ፣ ሥራ ያላቸው 16 በመቶ ነበሩ። ጉዳቱ የሚብሰው ኢኮኖሚው ባላደገበትና ለሥራ አጥ የሚሰጠው ድጋፍ ደካማ በሆነበት አገር ነው። እኛ ከየትኛው ወገን እንደሆንን መናገር አያሻም።

ታዲያ ምን ይረዳል? ረፍት ይረዳል። የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውኃ ላይ ውሎ ሲመለስ ዳር ወጥቶ ካልደረቀ እየጠጣ ይከብዳል፤ ሥራ ፈላጊም ስለ ሥራ የማያስብበት ሰዓትና ቀን ያስፈልገዋል። ግን ረፍት ብቻውን የተበጠሰውን አይቀጥልም። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብቶ ሰውነቱ ቢፍታታም ሲመለስ የሚጠብቀው ያው መልስ የሌለው ሰሌዳ ነው። ዋናው ነገር ልፋቱ ውጤት የሚያሳይበትን ነገር በየቀኑ ማስገባት ነው። የሳምንቱ ዕቅድ «ሥራ ማግኘት» ከሆነ ውጤቱ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ «እስከ ዓርብ ሁለት ማመልከቻ፣ ለእያንዳንዱም ሲቪውን ማስተካከል» ከሆነ በራስ እጅ ነው። ከፍለጋው ሌላም አንድ ነገር ይኑር። የጎረቤት ልጅ የሚያስጠና ሰው ትናንት ክፍልፋይ መደመር ያቃተው ልጅ ዛሬ ሲደምር በዓይኑ ያያል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ አንጎል ግን «ይህ በእኔ መጣ» ብሎ ይመዘግባል።

ብቻን አለመሆንም ትልቅ ነገር ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ የጀመረው ሥልጠና ሥራ ፈላጊዎችን በቡድን ሰብስቦ አፈላለጉን ብቻ ሳይሆን «ካልተቀበሉኝ ምን አደርጋለሁ» የሚለውን አስቀድመው እንዲያቅዱ ያደርጋል፤ ተሳታፊዎቹ ሥራም ቶሎ አገኙ፣ ድባቴያቸውም ቀለለ። የእኛው ማስረጃ ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው። ከ3,000 በላይ ወጣቶችን ባሳተፈ ጥናት ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ፤ ለሌላው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በኩል የማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና፣ የችሎታ ፈተናና የምስክር ወረቀት ተሰጠ። መጀመሪያ ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ጥቅም ደብዝዞ፣ ችሎታቸውን በወረቀት ማሳየት የቻሉት ግን ገቢያቸው 20 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን ሥልጠናና ምስክር ወረቀት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳና ፖሊ ግቢ ውስጥ፣ ለተመራቂ ሁሉ መስጠት የሚከብድ አይመስለኝም።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘ፣ በተለይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ዕቅድ ማውጣት አይበቃም። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነው፤ ቤተሰብም ይዞ ይሂድ።

ለቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች የምለው ይህ ነው። የፈተናውን ውጤት ከነነጥቡ ለጥፉ። ላላለፈው ምን እንደጎደለው በአንድ መስመር ንገሩት። ሰው ለታሰበለት ቦታ ማስታወቂያ አታውጡ። እናትና አባቶች ደግሞ ማታ ልጁ ሲገባ «ምን አገኘህ?» የሚለውን ተዉትና ዛሬ ምን ሠርቶ እንደዋለ ጠይቁት።