የልብ ተመራማሪ ለመሆን ወደ ውጭ ከመሄድዎ በፊት

በልጅነት የሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ከዓመታት በኋላ የልብን በር ሊያበላሽ ይችላል። ይህ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያጠቃ የሰውነት መከላከያ በስህተት የራሱን ልብ ይጎዳል። ሕመሙ በበለጸጉት አገሮች እየጠፋ በመሄዱ ምርምሩም አብሮ ተዳክሟል። በእኛ አገር ግን ዛሬም ወጣቶችን ያጠቃል። ታዲያ የእኛን ጥያቄ ማን ይመልስልን?

መልሱ ለምርምር ሥልጠና ወደ ውጭ ለመሄድ በሚያስቡ ወጣት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እጅ ነው። አንዱ አብነት ደቡብ አፍሪካዊው ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ሠርተው ወደ ኬፕ ታውን ተመለሱ። በኋላም ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3 ሺህ 343 ሕሙማንን የመዘገበውን የሬሜዲ ጥናት መሩ። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ከ28 ዓመት በታች ነበሩ።

ዕድሎቹ የት አሉ? በእንግሊዝ አገር ያለው ዌልካም የተባለ ድርጅት በሙያቸው ጅማሮ ላይ ላሉ ተመራማሪዎች በሚሰጠው ድጋፍ፣ በአገራቸው ተቋም ሆነው የሚሠሩ አፍሪካውያንም ማመልከት ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክዎዶቭስካ ኩሪ ፌሎሺፕ ደግሞ ዶክትሬት ላላቸው የየትኛውም አገር ዜጎች ክፍት ነው። የዓለም የልብ ፌዴሬሽንም ለወጣት ባለሙያዎች የሥልጠና መርሐ ግብር አለው። የማመልከቻ ቀንና መስፈርት በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል ከራሳቸው ከተቋማቱ ያረጋግጡ።

ከማመልከትዎ በፊት የሚከተሉትን ያስተውሉ።

1. ጥያቄዎን ከሚያክሟቸው ሕሙማን ይውሰዱ። “ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ” ብሎ ከመጻፍ፣ ለአማካሪው ጥያቄዎን በአንድ ገጽ አብራርቶ መላክ ይሻላል።

2. የምርምር ቦታ ማግኘት በዚያ አገር ሕሙማንን የማከም ፈቃድ ማግኘት ማለት አይደለም። ይህን አስቀድመው ይጠይቁ።

3. መረጃውና የደም ናሙናው ከኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃድና በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት ያስፈልጋል። የጥናቱ ውጤት በማን ስም እንደሚታተምም አብሮ ይወሰን።

4. “ዕድሉን እኔ አስገኝልሃለሁ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመዎት ይራቁ። ከላይ ለተጠቀሱት የዌልካምና የማሪ ኩሪ ድጋፎች ለማመልከት ክፍያ የለም።

5. ሲመለሱ የሚሠሩበትን ክፍልና መሣሪያ ከመሄድዎ በፊት ከተቋምዎ ጋር ይነጋገሩ። ብዙዎች ውጭ የሚቀሩት አገራቸውን ጠልተው ሳይሆን የሚመለሱበት ሥራ ስላልተዘጋጀላቸው ነው።

እንዲህ ያለው ምርምር ለእኛ ለተራ ሰዎች ምን ይጠቅማል? በኡጋንዳ የተደረገውን ጥናት እንመልከት። ሕመሙ ገና ሲጀምር በልብ አልትራሳውንድ የተገኘባቸው 818 ልጆች በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ሲወስድ ሌላው አልወሰደም። ከሁለት ዓመት በኋላ መርፌውን ከወሰዱት 3 ልጆች ብቻ ሲባባስባቸው፣ ካልወሰዱት ግን 33 ልጆች ተባባሰባቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ሆነ። ሕመሙ ባለበት አገር ካልተጠና በቀር ይህን ማወቅ ባልተቻለ ነበር።

ስለዚህ ልጅዎ ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ከያዘው በቤት ውስጥ ብቻ አያስታምሙት፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የታዘዘለትን መድኃኒት “ተሽሎታል” ብለው አያቋርጡ። በየወሩ የሚሰጥ መርፌ ከታዘዘለትም ቀኑን አያሳልፉ። ተመራማሪ በጥናት እንዲሳተፉ ሲጠይቅዎትም ዓላማውን፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ጠይቀው ይረዱ። መስማማትም እምቢ ማለትም መብትዎ ነው፤ እምቢ ስላሉ ሕክምናዎ አይቀርብዎትም።