ጨጓራን ማሳነስ፦ ከሞያሌ ሲታይ

ወፈር ብሎ የተገኘን ዘመድ «ተመችቶሃል!» ብሎ መቀበል በሞያሌ ከኢትዮጵያና ኬንያ ድንበር ወዲያም ወዲህም ምርቃት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ዝናብ ደጋግሞ ቀርቶ የኬንያዋ ማርሳቢት አርብቶ አደር ከብቱን በተነጠቀበት አገር ምርቃቱ አይገርምም። ሆኖም በ2022ቱ የኬንያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ20 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአገሪቱ ሴቶች 45 በመቶዎቹ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አብረው ይመጣሉ። ጨጓራን ስለሚያሳንሰው ቀዶ ጥገና የሚጠይቀው ሰው የበዛውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ይህ ሕክምና ስብ ከማስመጠጥ ጋር መምታታት የለበትም። ስብ ማስመጠጥ ቆዳ ሥር ያለውን ያነሳል፤ የመብላት ፍላጎትን አይነካም። የጨጓራው ቀዶ ጥገና ግን ረሃብን ራሱን ይነካል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው «ስሊቭ» የሚባለው ነው። ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየተመራ ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ቆርጦ ያወጣል፤ የሚቀረው እንደ እጅጌ ቀጭን ቱቦ ነው። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል በመሆኑ ሰውየው ቶሎ ከመጥገቡም በላይ መራቡ ይቀንሳል። የተቆረጠው ግን ተመልሶ አይቀጠልም። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን የጀመረው «ባይፓስ» ነው፤ ከጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ስኳር ሕመምተኞች ላይ ውጤቱ ክብደቱ ገና ሳይወርድ ይታያል።

ሕክምናው ለማን ነው? ለማወቅ በኪሎ የተለካን ክብደት በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ማካፈል ነው። ውጤቱ 35 ከደረሰ፣ ወይም ስኳር ካለበት 30 ካለፈ፣ የ2022ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያ ሕክምናውን ይደግፋል። ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት 90 ኪሎ ስትመዝን 35ን ታልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ 4047 ሰዎችን የተከታተለው የስዊድን ጥናት ቀዶ ጥገናው ዕድሜ እንደሚያስረዝም አሳይቷል። እኔም ለሚገባው ሰው የቅንጦት ሕክምና ነው ብዬ አላምንም።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ናይሮቢ በአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕክምናው ይሰጣል፤ ነገር ግን ናይሮቢም አዲስ አበባም ከሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። አዲስ ቁስል ይዞ አውቶቡስ ላይ ሰዓታት መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። የተሰፋው ቦታ ካፈሰሰ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የሆድ ሕመም ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የነገ መኪና ሳይሆን የዛሬ ሐኪም ነው። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ፤ ደምም በየጊዜው ይመረመራል። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ መቆየት አለባት። ጾመኛም ሆነ ረመዳን የሚይዝ ሰው ውሃ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ መጠጣት ስለሚኖርበት ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መምከር ይበጀዋል።

አንድ ነገር በተለይ ለሞያሌ ሰው ልንገር። ጠባብ ጨጓራ ሥጋና ሩዝ ያግዳል እንጂ ስኳር የበዛበትን ሻይ በወተት አያግድም። ጫት ሲቃም የሚጠጣው ለስላሳም እንዲሁ ሾልኮ ይወርዳል። የወረደው ኪሎ በዚህ በር ተመልሶ ይገባል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሐኪሙን ጠይቅ፦ ሞያሌ ከተመለስኩ በኋላ ሌሊት ቢያመኝ ለማን እደውላለሁ? በስድስተኛው ወር ደሜን የሚያየውስ ማነው? የሐኪሙን ስምና ስልክ በወረቀት ካልሰጡህ ቀጠሮውን አዘግየው።