ምነው ባልሸጥናት! ትውውቅ ከቮልስ ጋር

አዲስ አበባ ውስጥ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ስለ ሸጧቸው መኪኖች ማውራት ከጀመሩ ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ ቮልስ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የያዙት መኪና ሁሉ የበለጠ ፈጣንና ምቹ ሊሆን ይችላል፤ ቁጭቱ ግን ለእሷ ነው። እኔም ከቁጭተኞቹ አንዱ ነኝ፤ አባቴ የሸጣትን ቮልስ ዛሬም እፈልጋታለሁ። ቁጭቱ ምክንያት እንዳለው ለማሳየት መኪናዋን ከነሆድ ዕቃዋ ላስተዋውቃችሁ።

ቮልስን የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ጊዜውም በፈረንጆቹ 1930ዎቹ። የሂትለር መንግሥት ለተራው ሰው መኪና እሠራለሁ ብሎ ፋብሪካ ቢያቆምም ጦርነቱ ሲመጣ ሥራው ለወታደር ሆነ። በ1945 ጀርመን ስትሸነፍ በቦምብ የተደበደበውን ፋብሪካ የተረከበው አይቫን ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ ነበር፤ ምርቱን ያስጀመረውም እሱ ነው። በየካቲት 1972 (እ.ኤ.አ.) 15,007,034ኛዋ ቮልስ ተሠርታ የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ብዛት ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ ወጣች፤ ቁጥሯ 21,529,464 ነበር።

በእኛ አገር ታሪክም ውስጥ አለችበት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አውርዶ ከቤተ መንግሥት ሲወስዳቸው፣ የተሳፈሩት በቮልስ የኋላ መቀመጫ ላይ ነው። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥት በዚያች ጠባብ በር ጎንበስ ብለው መግባታቸው ዛሬም ሲወራ ይኖራል። ለዚያ ዘመን የከተማ ሰው ቮልስ የመምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ቤተሰብ የያዘው ሰው መኪና ነበረች።

አሁን ወደ ሞተሯ እንምጣ። ኮፈኑን ከፊት ስትከፍቱ የምታገኙት ስኮርታ ጎማና የነዳጅ ታንከር ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ራዲያተር የለም፣ ውኃ የለም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ያው ቺንጋ ዲናሞውንም ያዞራል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የባትሪ መብራት በጉዞ መሐል ከበራች ባለ ቮልስ አያመነታም፤ ዳር ይይዛል፣ ሞተር ያጠፋል፣ ቺንጋውን ያያል። ቺንጋ ተበጥሶ ትንሽ ልንዳ ያለ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ይመለሳል።

የጠና ችግሯን የሚያውቁ ሰዎች ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር ይነግሯችኋል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ልክ የማራገቢያው አየር ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርድበት መንገድ ላይ ነው። ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ ቫልቩም ቀድሞ የሚቃጠለው የእሱ ነው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ ያነሣው ለ1971 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው። እስከዚያ መድኃኒቱ የቫልቭ ክፍተትን በየጊዜው ማስተካከል ነበር።

አባቴ ይህን ሥራ እሑድ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ራሱ ይሠራው ነበር። መጀመሪያ ያስተማረው የሰፈራችን መካኒክ ነው፤ «ጋሼ፣ ይህን ለማንም አይስጡ፤ እጅዎ ላይ ይሁን» እንዳለው ደጋግሞ ይነግረን ነበር። ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ይገባና የቫልቩን ክዳን የያዘውን ሽቦ በካቻቪቴ ፈንጥሮ ይከፍተዋል። የልኬት ስስ ብረቷን በቫልቩ ጫፍና በገፊው መካከል ያስገባል፤ ክፍተቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ብረቷ ስትሳብ በመጠኑ መያዝ አለባት፤ በነፃ ከወጣች ልል ነው፣ ካልወጣች ጠብቋል። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ዙር ሲለኝ፣ በቁልፍ ሞተሩን አዞርለት ነበር። ስምንቱም ቫልቮች ቁርስ ሳይደርስ ያልቁ ነበር።

የምትወደደው በዚህ ነው እላለሁ። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው፤ ክሪክና ሁለት ሰው ካለ ይወርዳል። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ነው፤ የሚጣል ፊልትሮ የለውም፣ ወንፊቱ ታጥቦ ይመለሳል። የመስታወት ማጠቢያ ውኃውን የሚገፋው የስኮርታ ጎማው ነፋስ ነው፤ ለዚህ ተብሎ የተገጠመ ሞተር የለም። እስከ 1961 (እ.ኤ.አ.) በተሠሩት ላይ የነዳጅ መለኪያ እንኳ አልነበረም፤ መኪናዋ መንተፋተፍ ስትጀምር አሽከርካሪው እግሩ ሥር ያለችውን ማዞሪያ በጫማው ጫፍ ገልብጦ መጠባበቂያውን ይከፍታል። ክረምት ላይም አትታማም። ሞተሩ የሚነዱት የኋላ ጎማዎች ላይ ስለተጫነ፣ ሌላው መኪና ጭቃ ላይ ሲሽከረከር ቮልስ ቆንጥጣ ትወጣለች።

ታዲያ ለምን ሸጥናት? በቀላሉ የምትገኝ ስለነበረች ነው። ያገለገሉ ቶዮታዎች በብዛት መግባት ሲጀምሩ ቮልስ ያረጀች፣ የምትጮህ፣ ዳገት ላይ የምትለግም ሆና ታየች። እውነትም ዳገት ላይ ትለግም ነበር። የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው፤ 34 የፈረስ ጉልበት ያለው 1200 ሞተር ደግሞ የሚተርፍ ኃይል አልነበረውም። አባቴም ልጆቹ በዛንበት፤ አራት በር ያለው መኪና ያስፈልግ ነበር። ያን ቀን የወሰነውን ውሳኔ ዛሬም አልነቅፍም። ግን ከእሷ በኋላ ከገዛቸው መኪኖች አንዱንም በራሱ እጅ ከፍቶ አያውቅም፤ እኔም እሑድ ጠዋት ከአባቴ ጋር የምሠራው ሥራ ቀረ።

አሁን መልሶ መግዛቱ ከባድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ የሚጫነውን ቀረጥ አናረው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ የቀሩት ቮልሶች እነዚያው ናቸው። ከእጃቸው ያላወጧት ሰዎች ዛሬ ቢጠየቁ አይሸጡም፤ እኔ ብሆንም አልሸጥም።

የምትገዛ ካገኛችሁ ከቀለሙ በፊት የኋላ መቀመጫውን አንሡ። ባትሪው ያለው እዚያ ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ የፈሰሰ አሲድ ወለሉን ይበላዋል፤ ክዳኑ ከጠፋ ደግሞ የመቀመጫው ሞላ ባትሪውን ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። እዚያው መሐል ላይ በሚያልፈው የሻንሲ ጀርባ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ታገኛላችሁ። አባቴ የሊብሬውን ኮፒ አልጣለውም፤ እኔም ለሽያጭ የወጣች ቮልስ ባየሁ ቁጥር ባለቤቱን አስፈቅጄ መቀመጫውን አነሣና ቁጥሩን አስተያያለሁ። ቤተሰባችሁ የሸጣትን የምትፈልጉ ካላችሁ እንዲሁ አድርጉ። የሞተሩ ቁጥር ባይገጥም ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ ሞተር በሰዓት ውስጥ የሚወርድባት መኪና ስለሆነች በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የምታመሳክሩት የሻንሲውን ነው።